እትዬ ገመድና አንገቱ የጠበበው ካናቴራ

የሥራ ባልደረቦቼ ጻፍ ሲሉኝ እስክሪብቶውን በሙሉ መዳፌ ጨበጥኩት። እኔ የለመድኩት ካውያ ነው፣ እስክሪብቶ አይደለም። አንዳንዱ ፊደል ይጠፋኛል፤ ሲጠፋኝ ባለቤቴን እጠይቃለሁ፣ እሷም ትስቅብኛለች። ግን ስለ እትዬ ገመድ ሌላ ሰው አሳምሮ ከሚጽፍ እኔ እያበላሸሁ ብጽፍ ይሻላል ብዬ ጀመርኩ።

የምንሠራበት ቤት ሸሚዝ ይሰፋል። ሃያ ሁለት ነን። ቆራጩ ይቆርጣል፣ ሰፊዎቹ ይሰፋሉ፣ እኔ እተኩሳለሁ፣ መጨረሻ ላይ እትዬ ገመድ መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛቸው ላይ ይመረምራሉ። ኮሌታውን ወደ ብርሃኑ ያነሡና አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ የተረፈ ክር ካለ ቀጭ ነው። መቀሳቸው ቢያርፍ እንኳ ወሬያቸው አያርፍም።

ስማቸው ሌላ ነው። ገመድ የተባሉት እንዲህ ነው አሉ፤ እኔ ያኔ አልነበርኩም። እትዬ ድሮ ሰፊ ነበሩ። አንድ ቀን ሁለቱም እጅጌው የግራ የሆነ ሸሚዝ ሰፉ። ደንግጠው ወንበራቸው ሥር ወተፉት። በማግስቱ ከመስኮት መስኮት ገመድ ወጠሩና በገዛ እጃቸው ሰቀሉት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሳቁና ይውጣላችሁ!» አሉ። ተሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ቆራጩ ተነሣና፣ ሦስት ቀን ደብቆት የከረመውን አንድ ጎኑ ከሌላው በጣት የሚበልጥ ኮሌታ አጠገቡ አንጠለጠለ።

ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ። ያጠፋ በራሱ እጅ ይሰቅላል፤ የሌላ ሰው ጥፋት መስቀል ክልክል ነው። መሳቅ እስከ ምሳ ደወል ድረስ ነው። ከምሳ በኋላ ነገሩን ያነሣ ሰው የሁሉንም የሻይ ብርጭቆ ያጥባል።

እኔ በገባሁ በሦስተኛው ቀን የአንድ ሸሚዝ ጀርባ አቃጠልኩ። ሸሚዙን ከኋላዬ ደብቄ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ሰው ማናገር ያኔም አሁንም ይከብደኛል። እትዬ መጡና «አንተ ልጅ፣ ግድግዳው እንዳይወድቅ ነው የያዝከው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። «እሰይ! ካውያህ ፊርማውን አኖረ። በል ና፣ እኔ ገመዱን ዝቅ አድርጌ ልያዝልህ።» ሰቀልኩት። ሲስቁብኝ፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው፣ የዚያ ቤት ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

አምና አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡልን። ክፉ ሰው አይደሉም። ይሄን የምለው ስለሚያነቡት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ስለ ሥራ ባህል ብዙ ተምረዋል። በመጡ በሳምንታቸው ግድግዳውን አስቀቡና «ስህተት የማያውቅ ቤተሰብ» ብለው አስጻፉበት። ከዚያ ገመዱን አዩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? እንግዳ ቢያይስ?»

ገመዱ ወረደ። በየወሩ ምንም ላልተሳሳተ ሠራተኛ የምስጋና ወረቀት ይሰጣል ተባለ።

ጉድ እኮ ነው፤ በአንድ ሳምንት ሁላችንም መላእክት ሆንን። የሚሳሳት ጠፋ። ብቻ የወንበር ትራሶቹ አበጡ፣ ውስጣቸው ሸሚዝ ተጠቅጥቆ። ቆራጩ ያበላሸውን ከላዩ እየደረበ መውጣት ስለጀመረ ዘበኛው «አንተ ሰው፣ ጠዋት ከስተህ ትገባለህ፣ ማታ ወፍረህ ትወጣለህ፤ ምንድነው የሚያበሉህ?» ይለው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ደስ አላቸው። ደስታቸው ግን ዞሮ ዞሮ እትዬ ላይ አረፈ። «ስህተት ከሌለ መርማሪ ምን ያደርጋል?» ብለው እትዬን ዕቃ ቤት መደቧቸው። ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም፣ ሰውም የለውም። እትዬ መቀሳቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ «ከካርቶን ጋር ምን አወራለሁ ልጄ? እሱ እኮ አይመልስም። አንድ ወር ልየውና ካልሆነልኝ ቤቴ እቀመጣለሁ» አሉኝ። አፋቸው ይስቃል፣ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። እኔ ካውያዬን አየሁ።

በዚያው ሰሞን የቤተሰብ ቀን ተባለ። ሁላችንም አንድ ዓይነት ካናቴራ ልንለብስ፣ ትልቁ ደንበኛችንም መጥቶ ሊያየን። ልኩን ሥራ አስኪያጁ በእጃቸው ጻፉት። አንገት በሚለው ቦታ ላይ የእጅ አንጓ ልክ ጻፉ። ቆራጩ አየ፤ ቆረጠ። ከሰፊዎቹ አንዷ አየች፤ ሰፋች። እኔም አየሁ፤ ካውያው እንኳ በአንገቱ አልገባ ብሎኛል። ተኩሼ አጣጠፍኩት። የአለቃን ወረቀት ማን ተሳስቷል ይበል? መርማሪዋ እንደሆኑ ዕቃ ቤት ናቸው።

ቀኑ ደረሰ። ደንበኛው አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ሦስት ተኩል ላይ ልበሱ ተባለ። ቆራጩ፣ ራሱ እንደ ቅል ትልቅ ነው፣ ቀድሞ ሞከረ።

«ገባልህ?» አለችው ሰፊዋ።

«ፀጉሬ ገብቷል። ሌላው ተራ እየጠበቀ ነው።»

ቤቱ በሙሉ ይጎትታል፣ ያቃስታል። አንድም ክር አልተተረተረም፤ ስፌታችንስ ጠንካራ ነው።

ያኔ የቢሮው በር ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት እጃቸው ሽቅብ፣ ፊታቸው ካናቴራው ውስጥ እንደተቀረቀረ በክርናቸው ግድግዳ እየዳሰሱ ወጡ።

«ማነው እዚህ ያለው?» አሉ ከውስጥ።

አጠገባቸው የቆምኩት እኔ ነበርኩ። «እኔ ነኝ... ተኳሹ።»

«ታዲያ አውጣኛ!»

«እሺ ጌታዬ፣ አንዴ ሰው ልጥራ» ብዬ ወደ ዕቃ ቤት ሮጥኩ።

እትዬ መቀሳቸውን ይዘው መጡ። «እንዳይነቃነቁ። ዕቃ ቤት ውስጥ መለዋወጫ አፍንጫ የለንም።» ቀጭ። የቀላ ፊት ብቅ አለ።

«ማነው ይሄን የሠራው?»

እትዬ የልኩን ወረቀት ከቆራጩ ጠረጴዛ አንሥተው እንደ ኮሌታ ወደ ብርሃኑ ያዙት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገባቸው። ግን ምንም አላሉም። የሌላ ሰው ጥፋት መስቀል ክልክል ነዋ።

ምላሴ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ስተኩሰው አንገቱ እንደማይሆን አይቻለሁ። ዝም አልኩ።»

«እኔም ስቆርጥ አይቻለሁ» አለ ቆራጩ፣ ካናቴራው እንደ ቆብ ራሱ ላይ ተቀምጦ።

«እኔም ስሰፋ» አለች ሰፊዋ። «ምናልባት በእግር የሚለበስ ይሆናል ብዬ።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ተቀበሉ። አነበቡት። ከዚያ የእጃቸውን አንጓ ረጅም ጊዜ አዩት። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ።

ሰፊዋ በአገጯ ግድግዳውን አሳየቻቸው። የራሳቸውን ጽሑፍ አነበቡ።

«ገመዱ የት ነው?»

እትዬ ከሽርጣቸው ኪስ መዘዙት። ካርቶን ማሰሪያ ያድርጉት ተብለው ነበር፤ አንድም ካርቶን አላሰሩበትም።

ደንበኛው ሲገባ ሥራ አስኪያጃችን ወንበር ላይ ቆመው የተቀደደ ካናቴራ እየሰቀሉ ነበር። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉት ከላይ ሆነው። ሰውዬው መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ የቆራጩን ቆብ አየና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ትራሶቹም ተፈቱ። ገመዱ እስኪጎብጥ ሞላ። እትዬ የድሮ ጠረጴዛቸው ጋ ሆነው አንድ በአንድ ያያሉ፦ «ይሄ ይስተካከላል። ይሄም ይስተካከላል። ይሄ መወልወያ ይሁን፣ እግዜር ያጽናህ።» ወንበራቸውን ከዕቃ ቤት ተሸክመው ያመጡላቸው ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ናቸው፤ «ቦታዎ እዚህ ነው» አሉ።

ከምሳ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ሥራ አስኪያጁ ረሱትና ለደንበኛው «ያ አንገት እኮ...» ብለው ጀመሩ። እየተነሣን ብርጭቆ ብርጭቋችንን ፊታቸው ደረደርን።

ከእንግዳውና ከራሳቸው ጋር ሃያ አራት ብርጭቆ አጠቡ። እትዬ ገመድ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ሦስቱን መለሱባቸው።