በግንብ ፋንታ የካፖርት ቁልፍ

የልብስ ስፌት ቤቱ ጨርቅ ቆራጭ፣ ሹክሹክታ ስለሚሏት ሰፊ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚናገረው በቅጡ እንደማያውቃት ነው። እሱ የቆረጠውን ጨርቅ ዓመታት ሙሉ የምትሰፋው እሷ ናት። ሆኖም ክሩን በጥርሷ ከመበጠሷና ቅጽል ስሙን ካተረፈላት ቀስ ያለ ድምጿ በቀር ስለ እሷ የሚያውቀው አልነበረውም። በምሳ ሰዓት ወንዶቹ ቼዝ ሲጫወቱ ቆማ ታያለች። ተቀመጪና ተጫወቺ ያላት ግን አልነበረም።

ቆራጩን በዚያ ሰሌዳ ላይ ማንም አሸንፎት አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ጨዋታው እጅ እጅ ብሎት ነበር፤ እንዳይተወው የያዘው አይሸነፍም የተባለለት ስሙ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከቼዙ ጠጠሮች አንዱ ግንብ ጠፋ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ወድቆ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር ተጠርጎ፣ በጆንያ ታስሮ ሄዷል።

"በቃ፣ ቀረ ማለት ነው" አለ ቆራጩ። ደስ ያለውም ይመስል ነበር።

ሹክሹክታ ከሽርጧ ኪስ ሁለት የካፖርት ቁልፎች አውጥታ ሰሌዳው ላይ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ከሌላኛውም ወገን አንድ ግንብ እናንሳና እነዚህ ይግቡ። አካሄዳቸው ግን እንደ መርፌ ነው። አጠገቡ ያለውን ጠጠር፣ የራሱም ይሁን የጠላት፣ ዘሎ ማዶ ይወጣል። ማዶ ጠላት ካገኘ ይበላዋል። ባዶ ከሆነና ከፊቱ ሌላ ካለ ደግሞ መዝለሉን ይቀጥላል።"

"ቼዝ እኮ ሕግ አለው፣ እህቴ!"

"ሕጉን ያወጣው ሰው አይደል?"

ከጎን ቆሞ ያይ የነበረው ካውያ ተኳሹ ሳቁን ለቀቀው። "ጋሼ፣ ቁልፍ ፈሩ እንዴ?"

ቢሸነፍ ስሙ አበቃለት፤ እምቢ ቢል መሳቂያ ሆነ። ቁጭ አለ።

ጥቂት እንደተጫወቱ የሚያውቀው ሰሌዳ የማያውቀው ሰፈር ሆነበት። ያ ቁልፍ ከየት ብቅ እንደሚል ማን ይገምታል? እንደ ልማዱ ወታደሮቹን በመሃላቸው አንድ አንድ ባዶ ቦታ እየተወ በንጉሡ ፊት ደረደራቸው። ማንም ሰብሮት የማያውቅ አጥሩ ነው።

ሹክሹክታ ቁልፏን አነሳች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ! በወታደሮቹ ላይ እየዘለለ ገሰገሰ። በመጨረሻ ከአንድ ወታደር አጠገብ ቆመ፤ ከወታደሩ ማዶ ንጉሡ ነው። መሸሻውን ሁሉ የሹክሹክታ ንግሥት ይዛዋለች።

"እንዴ! አጥሬን እንደ ጨርቅ ሰፋችብኝ!" ብሎ ጮኸ ቆራጩ።

"ጋሼ አለቀልዎት!" አለ ካውያ ተኳሹ ጠረጴዛውን እየደበደበ።

ቆራጩ ግን አልሰማውም። ስሙን ረስቶታል። ጠጠሮቹን ይሰበስባል። "እንደገና! አሁን ሁለት ሁለት ቁልፍ እናድርግ! ፈረሱንስ? ፈረሱንም እንለውጠው እንጂ!" አለና ድንገት ቀና ብሎ አያት። "ቆይ፣ ለመሆኑ ማን አስተማረሽ? ቤት ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው?"

ሹክሹክታ ጠጠሮቹን በሁለቱም ወገን ደርድራ ጨረሰች።

"እሱን እንኳ ይተዉት፣ ጋሼ" አለች ፈገግ ብላ። "ነጩን ነው ጥቁሩን የሚይዙት?"