በሰኔ የተለቀቀው የጥገና በጀት

በውሃ መሥሪያ ቤት የፓምፕ ጥገና ሠራተኛ ሆኜ የገባሁ ቀን፣ አለቃዬ አቶ ታደሰ ትልቅ የቧንቧ መፍቻ አስጨበጡኝና «ኦጁሉ፣ ያንተ አለቃ እኔ አይደለሁም፤ ጭቃው ነው» አሉኝ። በወጣትነታቸው ከደጋ መጥተው እንደኔው ጋምቤላ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ።

ቀልድ አልነበረም። ወደ ጎግ ወረዳ የሚወስደው መንገድ ቧንቧ ለጫነ መኪና የሚሆነው በበጋ ብቻ ነው። በጀት ግን የሚዘጋው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያልተጠቀሙበት ተመላሽ ይሆናል። ይህን የበጀት ዓመት ያወጣው ሰው ጎግን አይቶ አያውቅም።

ጡረታዬ ሲቃረብ፣ በጥር ወር፣ ጎግ ውስጥ የአንድ ቀበሌ የእጅ ፓምፕ ቆመ። ፈታሁት። ቧንቧውን ዝገት በልቶታል፣ ውሃ የሚስበው ሲሊንደርም አልቆለታል። ነዋሪውም ጤና ኬላውም የሚጠጡት ከዚያው ነበር። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቻላ የልጅ ልጇን ታቅፋ አጠገቤ ቆማለች።

«አንተ መቼ ትመለሳለህ?» አለችኝ።

«ዕቃው ሲገዛ።»

የቀበሌው ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ከብት ወደሚጠጣበት ኩሬ ወረዱ።

አቶ ታደሰ የግዢ ጥያቄውን ወዲያው ፈረሙ። የፋይናንስ ቢሮ መልስ አጭር ነበር፦ «ዘንድሮ መንግሥት ዕዳ እየከፈለ ስለሆነ የሚለቀቀው ደመወዝ ብቻ ነው።» በመጋቢትም ይኸው፣ በሚያዝያም ይኸው። ለአቻላ በስልክ ነገርኳት።

«ማን ተበደረ?»

«መንግሥት።»

«በብድሩ ምን ሠራ?»

«መንገድ፣ ፋብሪካ ይባላል።»

«እዚህ ምንም የለም። ታዲያ የኛ ፓምፕ ለምን ይከፍላል?»

 

ሰኔ ተጋምሶ፣ ዝናቡ መንገዱን ከዘጋው በኋላ ብሩ ተለቀቀ። «ቧንቧውን ገዝተን መጋዘን እናስቀምጠው» አልኩ።

«ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በጀቱ ይዘጋል፤ ዕቃ ሳይገባ ደግሞ ክፍያ የለም» አሉኝ አቶ ታደሰ።

«እንግዲያው ይመለሳ!»

«ከመለስን አያስፈልጋቸውም ብለው ለከርሞ ይቀንሱብናል።»

የጥገናው ብር ወደ ቢሮ ዕቃ እንዲዞር የበጀት ዝውውር ተጠየቀ፤ እንደ ጉድ ፈጥኖ ተፈቀደ። እዚያው ከተማው ውስጥ ኒውላንድ ሰፈር ካለ ሱቅ ሶፋና ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበር ተገዛ። ፕላስቲካቸው ሳይላጥ ኮሪደር ላይ ተደረደሩ። አቶ ታደሰም አንገታቸውን ደፍተው ነው የፈረሙት።

ለከርሞ የጥገና በጀታችን ያም ሆኖ ተቀነሰ። የተሰጠን ምክንያት «አምና ለጥገና አላወጣችሁም» የሚል ነው። ብር ረክሶ የቧንቧ ዋጋ ሰማይ ስለነካ፣ የደረሰን ገንዘብ ለዚያች አንድ ፓምፕ እንኳ አልበቃም።

በበጋው ለሌላ ሥራ ጎግ ወረድኩ። አቻላን ወደ ኩሬው በሚወስደው መንገድ ላይ አገኘኋት። ሕፃኑ የልጅ ልጇ አብሯት አልነበረም።

«ብሩ መጣ?» አለችኝ።

«መጥቶ ነበር። ወንበር ተገዛበት።»

«ልጁን በክረምት ቀበርነው። ተቅማጥ ነው» አለችኝና ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።

እኔን ለምትተኩ ልጆች የምነግራችሁ ይህን ነው። ጎግ ላይ ፓምፕ የሚጠገነው በበጋ ነው። በክረምት የተለቀቀ ብር በወረቀት ላይ የጥገና በጀት ይባላል እንጂ ውሃ አያወጣም።