ድምፅ የሌለው አዲሱ ብስክሌቴ

አሮጌው ብስክሌቴ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው ይባል ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ጣሊያን አልጣለውም፤ ሸሽቶት ነው የሄደው። ፓራፋንጎው ከጎማው ጋር ይነታረካል፣ ሰንሰለቱ ያቃስታል፣ የኮርቻው ሞላ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ይጮሃል። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ቤቴ ሳሪስ፣ ሥራዬ አቃቂ ካሉት የጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ነበር። ጠዋት እየተንኳኳሁ እሄዳለሁ፣ ማታ እየተንኳኳሁ እመለሳለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ገና ከበሩ ሳልደርስ «ወፍጮው መጣ!» ይሉኝ ነበር።

ፌዙንስ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት በባቡር ጣቢያው ሰፈር ማለፉን ነው፤ እዚያ አንዲት ልጅ ነበረች። አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ ዕቃ ያጠበችበትን ውሃ ልትደፋ ብቅ ትላለች፤ እኔም ሰንሰለቴ የወለቀ መስዬ እወርዳለሁ። ማስመሰልም የማያስፈልገኝ ቀን ብዙ ነበር። አጥሩን ተደግፈን ትንሽ እናወራለን። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ቁጡ ናቸው ስለሚባል አንድ ዓይኔ እሷን ሲያይ አንዱ በሩን ይጠብቃል። እንዲህ እንዳለን ክረምቱ ገባ፣ ሌላ ሰው ሽማግሌ ሊልክባት ነው የሚል ወሬም ጆሮዬ ደረሰ። እንቅልፍ አጣሁ። ቀድሜ ልጠይቃትና እሺ ካለችኝ ሽማግሌ ልልክ ቆረጥኩ። ግን በዚያ ወፍጮ ላይ ተቀምጦ ማን ትዳር ይጠይቃል?

በሰቃ ሰፈር ወደሚሠሩት ብስክሌት ጠጋኝ ወሰድኩት። ዞረው ዞረው አዩት። ሁለቱም ጎማ ይቀየር፣ ፍሬኑ ይቀየር፣ ኩሽኔታዎቹ ይቀየሩ፣ ሰንሰለቱማ ስሙም አይነሳ አሉ።

«ታዲያ ምን ሊቀር ነው ጋሼ?»

«ብረቱ ነዋ! እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ ከየት ይገኛል?»

እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። አሳድሰው ሲሉኝ ጭራሽ መጣል ነው የሚያምረኝ። እዚያው ትቼላቸው መርካቶ ወረድኩና ከአዲሶቹ ሁሉ ርካሹን ብስክሌት ገዛሁ። ባለሱቁ የጉራጌ ሰው ናቸው፤ ፊቴ ላይ ቅር ያለኝ ነገር አይተው መሰለኝ «አይዞህ፣ ርካሽ መሆኑን አንተና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው» አሉኝ። ወደድኳቸው።

ብረቱ ላይ የተጠቀለለውን ወረቀት አልላጥኩትም። እንዴት ተደርጎ! በእኛ ዘንድ ማሸጊያው የተላጠ ዕቃ በቃ አሮጌ ሆነ ማለት ነው። ፋብሪካ ስደርስ «አስመርቀን!» ተባልኩ፤ ሻይ በፓስቲ ጋብዤ ተመረቀ። እውነትም ድንቅ ነበር። አይንኳኳም፣ አያቃስትም፤ በቅቤ ላይ የምሄድ ነው የሚመስለኝ። የዚያን ዕለት አመሻሽ ደረቴን ነፍቼ በባቡር ሰፈር በኩል መጣሁ።

ማንም አልወጣም።

ነገ ትወጣለች አልኩ። በነጋታውም አልወጣችም። አሟት ይሆን? ወይስ የዚያ ሰውዬ ሽማግሌዎች ደርሰው ይሆን? በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ለካ ልጅቷ የምትወጣው ወፍጮውን ሰምታ ነው! ስንት ዘመን የዕድል ነገር ሲመስለኝ ኖሯል። እኔ ያፈርኩበት ያ ጩኸት ለእሷ የእኔ ስም ነበር።

ወደ በሰቃ ሮጥኩ። ጠጋኙ አሮጌውን ፈታተው ጨርሰዋል፤ ፔዳሉ ለአንዱ፣ ኮርቻው ለሌላው ሄዷል። እንግዲህ መላ መፍጠር ነው። በአጥሯ ሳልፍ ደወሉን ደወልኩ፤ ደወል የማይደውል ብስክሌተኛ የለምና ማን ዞር ብሎ ይየኝ። ሳልኩ፤ አንዲት ሴትዮ ከአጥር ማዶ ነጭ ሽንኩርት በማር አዘዙልኝ። በመጨረሻ የቲማቲም ጣሳ ከኋላ ጎማው አጠገብ አሰርኩበት። ይህስ ሠራ፤ ግን አስቀድሞ የሰማው የሰፈሩ ውሻ ነው። ልጅቷ ስትወጣ ያየችው ጀርባዬንና የሚከተለኝን የውሻ መንጋ ብቻ ነበር።

ጣሳውን ፈትቼ ጣልኩ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ ወደ ማታ አባራ። የብስክሌቴ ወረቀት ርሶ ተንጠልጥሏል። ምንም ድምፅ ሳላሰማ ከአጥሩ ሥር ደርሼ ቀና ስል አባቷ በሩ ላይ ዱካ አውጥተው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት ተፋጠጥን።

«ማንን ፈልገህ ነው?» አሉኝ።

«ጎማዬ ተንፍሶብኝ ነው፣ አባባ።»

ጎማውን አዩት። ጠንክሮ ቆሟል። እኔንም አዩኝ።

«ያ የሚንኳኳውስ የት ሄደ?»

«ተ... ተፈታታ፣ አባባ። ይኼ አዲስ ነው።»

«አዬ ልጄ!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ምነው ሳታማክረኝ! እኔ የባቡር ሰው ነኝ፤ የሚመጣውን ከሩቅ ነው የምለየው። ያንተን ድምፅ ስሰማ ጎመን ላጠጣ እያልኩ ወደ ጓሮ እሄድላችሁ ነበር። አሁን እንዲህ ሹልክ እያልክ ስትመጣ፣ እኔ መቼ ልነሳ?»

ያን ሁሉ ጊዜ ስሸሸጋቸው የኖርኩት ሰው ቦታ ሲለቁልኝ ኖረዋል። አንጀቴን በሉት። እዚያው እጃቸውን ብስም ደስ ባለኝ፤ ግን ምላሴ ቀደመኝ።

«ሽማግሌ ልላክ?» አልኳቸው።

ይህ ፈላጊው በራሱ አፍ ለልጅቷ አባት የሚያቀርበው ጥያቄ አይደለም፤ ሽማግሌ የሚባል ነገር የተፈጠረው እኮ ለዚሁ ነው። ከአፌ ሲወጣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እሳቸው ግን ሳቃቸውን በእጃቸው ጀርባ ሸፈኑት።

«መጀመሪያ እሷን ጠይቅ» አሉኝ።

ከዚያ ስሟን ጠርተው «ሰው መጥቷል!» አሉና ዱካቸውን አነሱ። መሬቱ ውሃ ጠግቦ ጫማቸውን እየያዘባቸው፣ ባዶ ባልዲ አንጠልጥለው ጎመን ሊያጠጡ ወደ ጓሮ ሄዱ።