የመቀሱ እጆች

የሰፈራችንን ጸጉር አስተካካይ «መቀሱ» እንለዋለን። ከዚህ ሙያ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

አምና በእጆቹ ጀርባ ላይ ሽፍታ ወጣበት። መጀመሪያ ንቆት ነበር፤ ኋላ ክንዱን አልፎ አንገቱን ያዘ። ቢያከው ይብሳል፣ ባያከው ያሳብዳል። አንዱ ሐኪም አለርጂ ነው አለው፣ ሌላው ፈንገስ። ሦስተኛዋ ደሙንም ቆዳውንም አስመርምራ «ምንም አላገኘንም» አለችው። ስም ያለው በሽታ ቢያንስ ይሰደባል፤ ይሄን ምን ብሎ ይስደበው?

ደንበኞች እጁን እያዩ ወደ ጎረቤት ሱቅ ማምራት ሲጀምሩ ጓንት አጠለቀ። ያኔ ባሰ። አንድ የታክሲ ሾፌር ተቀምጦ ገና ጨርቁ ከመታሰሩ ጓንቱን በመስታወት አይቶ ብድግ አለ።

«ምን አይተህብኝ ነው? ቅማል አለብኝ?»

«ኧረ ለእኔ ነው ወንድሜ፣ እጄን አሞኝ...»

«ታዲያ በሽተኛው አንተ ከሆንክ እኔ ምን አግብቶኝ እቀመጣለሁ!»

አንገቱ ላይ የታሰረለትን ጨርቅ እንኳ ሳይፈታ ውልቅ አለ። ወረፋ የያዝነው ሳቅን። መቀሱም አብሮን ሳቀ፤ እየሳቀም ክርኑን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ያሽ ነበር።

ሐኪሟ በመጨረሻ «ለጥቂት ጊዜ ሥራዎን ይተዉት» አለችው። «ከተሻለዎት ችግሩ እዚያ ከሚነኩት ነገር ነው። ያኔ ሙያ መቀየር ይኖርብዎታል።»

ይህን የሰማሁት ከሚስቱ ነው። ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ መጥታ ፊቴ ጀመረችው።

«አንተ ሰው፣ እስቲ ዝጋና እረፍ! እኔንም እኮ እንቅልፍ ነሳኸኝ።»

«አርፌስ?»

«ትድናለሃ!»

«ብድንስ?»

ጎንበስ ብላ ከወለሉ ፎጣ ትለቅም ጀመር። ለእኔም ገባኝ። ባይሻለው ያው ማሳከኩ ነው፤ ቢሻለው ግን መቀሱን ሊያስቀምጥ ነው። በወጣትነቴ ሰውን የሚያስረው አለማወቁ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ብዙም ተከራክሬበታለሁ። ለካ አለማወቅን ተጠግቶ የሚኖርም አለ።

ሚስቱ የቆሸሹትን ፎጣዎች በብብቷ ሸጉጣ ወጣች። እሱም ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ያላየሁ መስሎት፣ ጓንቱን ገለጥ አድርጎ በማበጠሪያው ጥርስ እጁን ይፍቀው ጀመር። ረጅም ጊዜ ፈቀው። ከዚያ ማበጠሪያውን በአልኮል አጠበና ጓንቱን ስቦ መለሰው።

«ተረኛ!» አለ።