የታጠነ ወይን

ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው የጀመረው። ሰዓቱን የማስታውሰው ከዶክተሩ ራስ በላይ የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት እያየሁ ስለቆምኩ ነው። ሰው ሲቆጣኝ ፊቱን ማየት አልችልም፤ ዓይኔን የማሳርፍበት ነገር እፈልጋለሁ።

ዶክተሩ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ አማካሪ ነው። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ ግን ማንም አያስገድደኝም።

«ይሄ ምንድነው?» አለና ከማሽኑ የወጣውን ውጤት በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። ሁለት ሌሎች ተማሪዎች መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። ውጡ አላላቸውም።

የማጠናው ወይን ሲበስል በፍሬው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ነው። እያንዳንዷ ፍሬ ሙሉ የዘር መመሪያዋን ይዛ ትኖራለች፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግን አትሠራበትም። ጥሬ ሳለች አሲድ ታከማቻለች። ከዚያ አንድ ሳምንት ላይ ለስለስ ትልና አንድ ጎኗ መቅላት ይጀምራል። ያን ጊዜ አሲድ የሚያሠሩት ዘረ መሎች ጋብ ይላሉ፤ ስኳር የሚስቡት፣ ቀለም የሚሠሩት ይነሣሉ፤ ያከማቸችውንም አሲድ መልሳ ማቃጠል ትጀምራለች። የትኛው ዘረ መል እየሠራ እንደሆነ የሚታወቀው ከእሱ በሚገለበጠው መልእክት ነው። መልእክቱ ዕድሜው አጭር ነው። ፍሬዋ ከተቆረጠች በኋላ ጥቂት ከቆየች የምትናገረው ስለ መብሰሏ ሳይሆን ስለ መቆረጧ ይሆናል። ስለዚህ እንደተቆረጠች ወዲያው በቅጽበት በሚያደርቃት ብርድ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ መግባት አለባት።

ጥያቄዬ ትንሽ ነበረች። ቆላ ላይ ሙቀቱ አሲዱን ቶሎ ይጨርሰዋል። በአሰላ ብርድ ግን ምን ያህል ይቆያል? ምን ያቆየዋል? ለዚህች ጥያቄ ከበቆጂ፣ ባዮሎጂ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የሁለት ዓመት የትምህርት ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ፈቃዱ ዘንድሮ ያበቃል። ሌላ የወይን ወቅት የለኝም።

«የመቅላት ሳምንቱን እዪው» አለ ዶክተሩ። «ከሙቀትና ከጭንቀት ጋር የሚነሡት ዘረ መሎች በሙሉ ጣራ ነክተዋል። አሲዱ ወርዷል። አሰላ ነው ወይስ አፋር?»

ዓይኔን ከሰዓቱ አላነሣሁም።

«እኔ ልንገርሽ። ፍሬውን ቆርጠሽ ፀሐይ ላይ አስቀመጥሽው። ምናልባት ስልክ ስታወሪ፤ ምናልባት ናይትሮጅኑ አልቆብሽ። ከዚያ እንዳይታወቅብሽ አቀዘቀዝሽው።»

ከተማሪዎቹ አንዱ ሳል አስመስሎ ሳቀ።

«አላስቀመጥኩም» አልኩ። ድምፄ ለእኔም አልተሰማኝም።

«እ?»

«አላስቀመጥኩም፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ምክንያቱን ጽፈሽ ነገ በሦስት ሰዓት አምጪ። ካልሆነ ያንን የፍሪዘር መደርደሪያ ለሌላ ተማሪ እፈልገዋለሁ። ብልቃጦቹ ይጣላሉ።»

የሚጣለው የመቅላቱ ሳምንት ናሙና ነው። ከፊቱና ከኋላው ያለው ያለ እሱ ምንም አይናገርም፤ በሩ ተነቅሎ የተወሰደበት ቤት ማለት ነው። ውጤቱን አንስቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ለእሱ የሚገባውን መልስ ሁሉ በልቤ መለስኩለት። እንዲህ ያለው መልስ ሁልጊዜ ኮሪደር ላይ ነው የሚመጣልኝ።

ናሙና የምወስድባቸው ወይኖች ከከተማው ዳር በአንድ ሰውዬ ጓሮ ውስጥ ነበሩ፤ አሥራ ሁለት ግንዶች፣ በአንድ ረድፍ፣ ሽቦ ላይ ተስበው። ባለቤቱ ከአቦምሳ እህል ሲያመላልስ የኖረ ባለ አይሱዙ ነው። መኪናውን ሽጦ ወይን ተከለ። በደጋ ወይን አይሆንም ያሉትን ጎረቤቶቹን በአንድ ብርጭቆ አፋቸውን ሊያስይዝ ይፈልጋል። እኔን ያስገባኝ የዩኒቨርሲቲ ሰው ሲመላለስ ጎረቤት እንዲያይለት ነው እንጂ ወድዶኝ አልነበረም። ከጄሪካን ላስቲክ ቆርጬ በየግንዱ ላይ ቁጥር ያሰርኩ ቀን «ላም ናት እንዴ ጆሮዋን የምትበሺው?» ብሎኛል። ስቆርጥ አጠገቤ ቆሞ ፍሬ ይቆጥር ነበር።

ከሰዓት በኋላ የመስክ ደብተሬን ገለጥኩ። የመቅላቱን ሳምንት ናሙና የወሰድኩት ኅዳር አሥራ ሦስት ነው። የናይትሮጅኑ መጠን፣ የገባሁበትና የወጣሁበት ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ሁሉም ተጽፏል። ናይትሮጅኑን ያን ቀንም እንደ ወትሮው የሞላልኝ ላም የሚያዳቅለው ሰውዬ ነበር፤ የኮርማ ዘር የሚያስቀምጠው በናይትሮጅን ውስጥ ነው። «አካም ቡልቴ! እንዴት አደርሽ፣ ዛሬም ለወይንሽ?» ይለኛል ሁልጊዜ። «ኮርማዎቼ ቀኑብሽ እኮ።» ጣሳዬን እስከ አፉ ነበር የሞላልኝ፤ አላለቀም።

ከገጹ ግርጌ በራሴ እጅ እንዲህ ይላል፦ «ፍሬው ጭስ ይሸታል። ኅዳር ሲታጠን።»

ኅዳር አሥራ ሁለት ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ በየደጁ ያቃጥላል። በማግስቱ ልብሱም፣ ፀጉሩም፣ የተሰጣ በርበሬውም ጭስ ጭስ ይላል። ወይኑም እንደዚያው መስሎኝ ጽፌ አለፍኩ። አሁን መስመሩ ላይ ጣቴን አድርጌ ሽታውን አስታወስኩት። የቅጠል አልነበረም። የላምባ ነበር። ሽቦውም ጥላሸት ነበረው፤ ጓንቴን አጥቁሮታል።

ያኔ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ምን ነበረበት? ሰውዬው አጠገቤ ቆሞ ነበር። ግን በሰው ግቢ ጥያቄ ማብዛት ይከብደኛል፤ ከእሱ ጋር ደግሞ «ደህና አደሩ» ማለትም ይከብደኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰውዬውን በር አንኳኳሁ።

«መጣች ደግሞ!» አለ በሩን እንደከፈተ። «ፍሬው ካለቀ ሁለት ወር ሆነው። ግንዱን ልትወስጂ ነው?»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«አስቀድሜ እኔ ልጠይቅሽ። ቁሚ እዚያው።»

ገብቶ በብርጭቆ ወይን ጠጅ ይዞ ወጣ። ቀለሙ ያምር ነበር። «ቅመሺ!»

ቀመስኩ። መጀመሪያ ይጎመዝዛል፤ ከዚያ የታጠነ ቤት ይሆናል።

«ምን ምን ይላል?»

«ጭስ... ጭስ ይላል፣ ጋሼ።»

«ከየት መጣ? በገና ሰው ጠርቼ ቀዳሁላቸው፤ አንዱ ‹ቋንጣ ዘፍዝፈህበት ነው?› ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። ካንቺ ጣሳ ነው! በየሳምንቱ ጓሮዬ ውስጥ ስታጨሺው ከረምሽ!»

የናይትሮጅኑን እንፋሎት ማለቱ ነው። «እሱ ጭስ አይደለም» አልኩ። «ብርድ ነው። ነጭ የሚመስለው...»

«የሚጨስ ብርድ! ይሄን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

ሚስቱ በማድ ቤቱ በር ብቅ አሉ። በእጃቸው ወንፊት ይዘዋል። «ብርድ የሚያጨስ ቢሆን የበቆጂ ሰው ታፍኖ ባለቀ ነበር» አሉ። «ራስህ ያጠንከውን በሰው ልጅ አታላክክ።»

«አንቺ ዝም በይ!»

«አልልም። ሁለት ምድጃ አበላሽተህብኛል።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። «አዎ፣ አጥኛለሁ! ምን ይሁን? ኅዳር ገብቶ ውርጭ ሲጥል ግማሹ አረንጓዴ ነበር። የዚህች ወንድም ሙዝ ነጋዴ ነው። ጥሬውን ሙዝ ቤት ይዘጋበታል፣ የላምባ ምድጃ ያበራበታል፣ በሁለት ቀን ቢጫ ያወጣዋል። ሸራ አለብሼ ሁለት ሌሊት አበራሁበት። ወይን ከሙዝ ምን ይለየዋል?»

የሚለየውን አውቀው ነበር። ሙዝ ከተቆረጠ በኋላም ከምድጃው ጭስ ጋር የሚወጣውን ኤትሊን የሚባል ጋዝ ሲያገኝ ይበስላል፤ ራሱም ጋዝ ያወጣል፣ አንዱ ሌላውን ያበስላል። ወይን እንደዚያ አይታዘዝም፤ የሚጠብቀው ከቅጠሉ የሚመጣለትን ስኳር ነው። በሸራ ሥር ያተረፈው ሙቀት፣ ጭንቀትና ጥላሸት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ማለት እችል ነበር። ሰውዬው ግን በቂ አስተማሪ የነበረው ይመስለኛል፤ በገና የሳቁበት እንግዶቹ።

«ናሙና ልወስድ ጠዋት ስመጣ ሸራው አልነበረም» አልኩ።

«አነሣሁት። በአጥሩ ያለፈ ሁሉ ሊስቅብኝ ነው?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከጩኸቱ ይልቅ ይሄ ነው ያቃጠለኝ። «ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። አፍ የለሽም? ሦስት ወር በዚህ በር ስትገቢ ስትወጪ ምን ጠየቅሽኝ? አጎንብሰሽ መቁረጥ፣ አጎንብሰሽ መሄድ። ሌባም እኮ ባለቤቱን ሰላም ይላል።»

መሬቱን አይቼ የቀረችኝን አንዲት ጥያቄ አወጣኋት። «ሸራው ሁሉንም ሸፈነ?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«እስከ ስንተኛው ድረስ ሸፈነ፣ ጋሼ?»

«የአይሱዙ ሸራ ነው፤ ከበሩ ጀምሮ እስከ ስምንተኛዋ ላስቲክሽ። የወዲያ ጥጉ አራቱ ብርድ ሲበላቸው አደሩ።»

አራት። ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት።

ደብተሬን አውጥቼ ያለውን ጽፎ ይፈርምልኝ እንደሆነ ሰውዬውን ጠየቅኩት፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሰውዬው ብርጭቆውን ከእጄ ነጠቀኝ።

«‹እኔ ጅል ነኝ› ብዬ ልፈርም? ውጪ! ሁለተኛ በዚህ በር እንዳላይሽ!»

ሚስቱ ወንፊታቸውን እያንጓለሉ ሳቁ። በእሱ ይሁን በእኔ አልለየሁም። የቆርቆሮው በር ከኋላዬ ሲዘጋ ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

አሁን ማንም የማያውቀውን ልናገር። ዶክተሩ በጥቅምት «አሥራ ሁለቱንም አንድ ላይ ፍጪ፤ ኬሚካል አታባክኚ» ብሎ አዞኝ ነበር። ታዝዣለሁ። ነገር ግን በየሳምንቱ ከየግንዱ ሦስት ሦስት ፍሬ ለየብቻ በትናንሽ ብልቃጥ አስቀር ነበር፤ ቁጥራቸውን ጽፌ፣ በፍሪዘሩ የታችኛው መደርደሪያ፣ ከበረዶው ኋላ። የተቀላቀለ ነገር ተመልሶ አይለይም፤ እሱ ብቻ ነው የከነከነኝ። ለዶክተሩ ግን አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። እንደ ወይኑ ባለቤትና እንደ እኔ መሆናችን ነው።

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከአዳቃዩ ሰውዬ ደጅ ቆምኩ። «ወይኑ አላለቀም እንዴ?» አለኝ። «አላለቀም» አልኩና ጣሳዬን አስሞላሁ። አንድ ሰዓት ላይ ቤተ ሙከራውን ከፈትኩ። ደብተሩን ገልጬ «ኅዳር ሲታጠን» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት፤ ስር ያለው እንዲነበብ። ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ስህተት። ግንድ 1–8 በሸራ ተሸፍነው ሁለት ሌሊት በላምባ ምድጃ ታጥነዋል። 9–12 አልታጠኑም። የሽታውን ምክንያት ሳልጠይቅ ጽፌያለሁ።» ፈረምኩበት። ከሱ ጎን የሰውዬው ፊርማ ሊሆን የነበረው ቦታ ባዶ ቀረ።

ከዚያ ለየብቻ ካስቀረኋቸው ብልቃጦች የመቅላቱን ሳምንት ዘጠኝ ቁጥር አወጣሁ። ሙቀጫው ላይ ናይትሮጅን አፍስሼ ፍሬዎቹን ጣልኩ። እንደ ጠጠር ተንኳኩ። መፍጨት ከተጀመረ አይቆምም፤ ዱቄቱ ከሞቀ መልእክቱ ይፈርሳል።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ዶክተሩ ቀድሞ ገባ።

«ይሄ ምንድነው? ማን ፈቀደልሽ?»

«ደብተሩ እዚያ ነው፣ ዶክተር» አልኩ። እጄ አልቆመም።

ሲያነብ ወረቀቱ ሲገለበጥ ሰማሁ፤ ቆይቶ እንደገና ተገለበጠ። «ለየብቻ አስቀምጪ ብዬሻለሁ እኔ?»

«አላሉኝም።»

«ታዲያ ጥፋቱ የራስሽ ነው። ጭስ ሸቶሽ አልጠየቅሽም።»

«የእኔ ነው። ግን ብልቃጦቹ አይጣሉም። የታጠነውና ያልታጠነው ተለይቶ ይታያል።»

«አቁሚና ቀና ብለሽ አናግሪኝ!»

«አሁን ማቆም አልችልም» አልኩ። «ይቀልጣል።»

በቁጣ ሲተነፍስ ከኋላዬ ይሰማኝ ነበር። ሂጂም አላለኝም፣ ቀጥዪም አላለኝም። ዱቄቱን ጠርጌ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩ፣ ሙቀጫውን ወለወልኩና እንደገና ናይትሮጅን አፍስሼ አሥር ቁጥርን ከፈትኩ።