ቀስ ማለት የማትወደው የጋሽ እንድሪስ መኪና

ባለፈው ሳምንት ከመልካሳ ወደ አዳማ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ፈላ። ሾፌሩ ኮፋኖውን ከፍቶ ወደ ኋላ ሸሸት ሲል ያ የማውቀው ሽታ በመስኮት ገባ፤ የዛገ ብረት፣ የጋለ ጎማ፣ ከሁለቱም ጋር የማይሄድ ትንሽ ጣፈጥ የሚል ነገር። ተሳፋሪው ያጉረመርማል። አንዷ ሴትዮ ስብሰባ እንዳመለጣት በስልክ ታስረዳለች። እኔ ግን ፈገግ ብዬ ተቀምጫለሁ፤ አጠገቤ የነበረው ጎልማሳ ምን እንደሚያስቀኝ ግራ ገብቶት ትክ ብሎ አየኝ። የፈላ የራዲያተር ውሃ ሲሸተው ደስ የሚለው ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ለእኔ ግን ጎረቤታችንን ጋሽ እንድሪስን ነው የሚያመጣብኝ።

ጋሽ እንድሪስ በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው አዳማ የከተሙ፣ በጭነት ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ መፋቂያ ከአፋቸው የማይለይ፣ ሲስቁ ድምፃቸው የማይሰማ። ሁለት መኪና ነበራቸው። አንደኛው አይሱዙ ነው። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ አዲስ አበባ ያደርሳል፤ አይታጠብም፣ አይመሰገንም፣ አይበላሽምም። ሁለተኛዋ ቀይዋ ናት። ቀይዋ ትታጠባለች፣ ትወለወላለች፣ በስሟ ትጠራለች፤ ትበላሻለች።

ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ አስፋልት ሊነካ ጥቂት የቀረው፣ ለውድድር የተሠራች የምትመስል መኪና ነበረች። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ሸጦላቸው እንደሄደ ይወራል። የማን ሥሪት እንደሆነች ዛሬም አላውቅም፤ ፊቷ ላይ የነበረው ምልክት እኔ ሳልወለድ ወድቆ ጠፍቷል። ወንበሯ ጥቁር ቆዳ ስለነበር በአዳማ ፀሐይ ቀትር ላይ የተቀመጠበት ልጅ ጭኑን ይዞ ይነሳል። ቴፗ ካሴት ይበላል። ጋሽ እንድሪስ የተበላውን ካሴት በእስክሪብቶ እየጠቀለሉ መልሰው ይከቱላታል፤ እሷም መልሳ ትበላዋለች።

ቀይዋ ያልተበላሸችበትን ወር አላስታውስም። ዛሬ ዲናሞ፣ ሲሻላት ካንዴላ፣ ካንዴላው ሲቀየር የፍሪሲዮን ገመድ። ከሁሉም የከፋው ግን የውሃ ፖምፓዋ ነበር። መለዋወጫው አገር ውስጥ ስለማይገኝ ጋሽ እንድሪስ ያረጀውን ይዘው ቶርኖ ቤት ይሄዱና አስመስለው ያስቀርጹታል። አዲሱ ፖምፓ ጠንክሮ የመጣ እንደሆነ የሚያዞረው ቺንጋ ይበጠሳል፤ ቺንጋው ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ፖምፓው ይሄዳል። እሳቸው ታዲያ አንድም ቀን ሲራገሙ ሰምቼ አላውቅም። ከኮፋኖው ሥር ቀና ብለው፣ የነቀሉትን ዕቃ በመዳፋቸው እያገላበጡ፣ የታመመ ልጅ ያስመረመሩ ይመስል በሐዘኔታ ያዩታል።

አገሩን ሁሉ የሚያውቁት በብልሽት ነበር። ሞጆ ማለት ለእሳቸው ዲናሞው የተቃጠለበት ነው፤ መቂ ራዲያተሩ የተቀደደበት። ቆቃ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆሙ አላህ ይወቀው፤ የቆቃ ዓሣ አጥማጆች በስማቸው ይጠሯቸዋል፣ ሰላምታው በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቃል፣ መኪናዋ እስክትበርድም ዓሣ ገዝተው ይመለሳሉ። ሚስታቸው እትዬ ሩቅያ ዓሣ ያማራት ቀን ባሏን በቀይዋ ወደ ቆቃ እንደምትልካቸው ለሰፈሩ ሁሉ ታወራ ነበር።

ለምን አይሸጧትም? ይህን የማይጠይቅ አልነበረም። መልሱን የምናውቀው ግን እኛ ሕፃናቱ ነን፤ ምክንያቱም ደህና የሆነች ቀን ጭነውን ወደ መልካሳ የሚወስደው መንገድ ላይ ያወጡን ነበር። መጀመሪያ ትንፈራገጣለች፣ ታስላለች፣ ታጉረመርማለች። ከዚያ መንገዱ ሲለቀቅላት ድምፅዋ ይሰበሰባል። አንድ ወፍራም፣ ልስልስ ያለ ድምፅ ይሆንና በወንበሩ በኩል ጀርባችን ውስጥ ይገባል። ግራሩ ወደ ኋላ ይሮጣል። ጋሽ እንድሪስ መሪውን በሁለት ጣት ይዘው፣ «አያችሁ? ይቺ ሩጫ እንጂ እርምጃ አታውቅም» ይሉናል። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የማየውን ደስታ በአዋቂ ሰው ፊት ላይ ከዚያ በኋላ ብዙም አላየሁም።

ታላቅ እህቴ ሰናይት ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ሳገባ በዚህች መኪና ነው የምሄደው ብላቸው ኖሮ ቃል ገብተውላት ነበር። ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ይረሳዋል፤ እሷም እሳቸውም አልረሱትም። የወለንጪቲው ልጅ ቶሎሳ ሽማግሌ ልኮ የሰርጉ ቀን ሲቆረጥ አባቴ ደህና መኪና እንከራይ አለ። ሰናይት እምቢ አለች። ሰፈሩ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ሙሽራ መንገድ ላይ ከቀረች የቶሎሳ ዘመዶች ምን ይላሉ፣ ገዱስ ምን ይሆናል እየተባለ ቤታችን የሸንጎ ቦታ ሆነ። ወሬው በቆርቆሮው አጥር በኩል ሳይደርሳቸው አልቀረም፣ አንድ ማታ ጋሽ እንድሪስ መጥተው ከአባቴ ፊት ተቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«ያን ቀን ካዋረደችኝ በማግስቱ ትሸጣለች። ወላሂ።»

አባቴ ከዚያ ወዲያ ስለ ኪራይ አላነሳም። የእሳቸውን ወላሂ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሰርጉ ቀን የሚጠበቀው የእህቴ ክብር ብቻ አልነበረም፤ ጋሽ እንድሪስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስታመሟትን መኪና አስይዘዋል። አዲስ ፖምፓ አስቀረጹ፣ ቺንጋዋን ቀየሩ፣ ራዲያተሯን አስበየዱ። ቀይዋም አዘነችላቸው መሰለኝ፣ የሰርጉን ሳምንት ምንም ሳትሆን ሰነበተች።

በሰርጉ ማለዳ እናቴ ከእትዬ ሩቅያና ከዕድሩ ሴቶች ጋር ሆና መኪናዋን ማስጌጥ ያዘች። የሙሽራ መኪና ሲያጌጥ ደግሞ ዋናው ፊቱ ነው፤ ቪዲዮ የሚቀርጸው ፊቱን፣ ሰው የሚያየው ፊቱን። እናቴ ቢጫና ነጭ አበባ ከዘንባባ ጋር ጎንጉና፣ በሪባን ደርባ ደርባ፣ ከመብራት እስከ መብራት ፍራሽ የሚያህል ጌጥ አሰረችላት። ጋሽ እንድሪስ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ሲወጡ አይተው ቀጥ ብለው ቆሙ። አፋቸውን ከፈቱ። እናቴ በላብ ርሳ፣ ጣቷን ሽቦ ወግቷት፣ ፊቷ ግን በርቶ፣ አማረባት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። በጣም አሉ። መፋቂያቸውን ወደ ሌላኛው ጉንጫቸው አዛወሩ።

ሰልፉ ከቀትር በኋላ ተነሳ። ቬሎው በኋለኛው ወንበር ስለማይገባ ሰናይት ከፊት ተቀመጠች፤ ሙሽራው ቶሎሳ ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ከእኔ ጋር ከኋላ ታጠፈ። ከፊታችን ቪዲዮ ቀራጩን የጫነ ፒካፕ ይሄዳል። ሰውዬው ካሜራውን ወደ እኛ አዙሮ በሌላ እጁ ቀስ፣ ቀስ ይላል። ጋሪ ሳይቀር ቀድሞን አለፈ። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ሆኜ የሙቀቷ መርፌ ወደ ቀይ ስትወጣ አያለሁ። ጋሽ እንድሪስ የሞተሩን ሙቀት ለመቀነስ ብለው ማሞቂያውን ከፈቱት። በአዳማ ሙቀት፣ በዚያ ፀሐይ፣ ማሞቂያ! የእህቴ ኩል ወደ ጉንጯ መውረድ ጀመረ። ቶሎሳ በጣም በትሕትና መስኮት ይከፈት እንደሆነ ጠየቀ፤ የኋላው መስኮት የማይከፈት ሆኖ ተገኘ።

ከተማውን ለቀን ወደ ወለንጪቲ አቅጣጫ ብዙም ሳንሄድ ፈላች። እንፋሎቱ በአበባው ውስጥ እየተሹለከለከ ወጣ፤ አበባው ራሱ የተቀቀለ ጎመን ሸተተ። ከኋላ ያለው ሰልፍ ሁሉ ቆመ፣ ጥሩምባው ፀጥ አለ። የቶሎሳ አጎት ኦቦ ቡልቻና የወለንጪቲ ሽማግሌዎች ከመኪናቸው ወርደው ሲመጡ ታዩ። ጋሽ እንድሪስ ወጥተው የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፋቸው ተደግፈው አቀረቀሩ። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅምና ማልቀስ ጀመርኩ።

ሰናይት ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች። ወደ መኪናዋ ፊት ሄዳ አበባውን ነካችው፤ ትኩስ ነበር።

«ጋሼ፣ ያፈናት አበባው ነው አይደል?»

«ነው ልጄ።»

«ጠዋት ሲያዩት አውቀዋል?»

«አውቄያለሁ። እናትሽ እጃቸው እስኪደማ ያሰሩትን ምን ብዬ ላስፈታ?»

እህቴ ጓንቷን አውልቃ ሪባኑን መፍታት ጀመረች። ሚዜዎቹ ሊከለክሏት ፈለጉ፤ እሷ ግን አንዱን ጉንጉን ለእኔ፣ ሌላውን ለቶሎሳ እህት እያስታቀፈች የመኪናዋን ፊት ባዶ አስቀረችው። ኦቦ ቡልቻ ደረሱ። መኪናዋንም፣ ሙሽራዋንም፣ ጋሽ እንድሪስንም ተራ በተራ አዩና «ራኮን ሂንጅሩ» አሉ፤ ችግር የለም ማለታቸው ነው። ወዲያው አንዱን ጎረምሳ ማዶ ወደሚታየው የገበሬ ቤት ውሃ እንዲያመጣ ላኩት።

ራዲያተር ካልበረደ ክዳኑ አይከፈትም፤ መጠበቅ ግድ ሆነ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የአዳማና የወለንጪቲ ዘመዶች በየመኪናቸው ተለያይተው፣ በምሳውም ላይ ለየብቻ ተቀምጠው፣ በአንገት ሰላምታ ብቻ ነበር የሚተዋወቁት። መንገድ ዳር ቆሞ መተፋፈር ሲሰለቻቸው አንዷ የቶሎሳ አክስት ከበሮዋን ከመኪና አወረደች። አቧራው እስኪነሳ ተጨፈረ። እኛ ኦሮምኛውን ዘፈን ተቀበልን፣ እነሱ እስክስታውን ያዙ፤ ያለፈ ያገደመው የጭነት መኪና ሾፌር ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ሄደ። ስለዚያ ሰርግ የሚያወራ ሰው ዛሬም የሚያወራው ስለዚያ መንገድ ዳር ነው።

ውሃው መጣ፣ ተሞላ፣ ቀይዋ ተነሳች። ጋሽ እንድሪስ መሪው ላይ ተቀምጠው ወደ እህቴ ዞሩ።

«ልሩጥ ልጄ?»

«ይሩጡ ጋሼ።»

ቪዲዮ ቀራጩ ገና ፒካፑ ላይ ሳይወጣ አለፍነው። መርፌዋ እየወረደች መጣች። ያ የማውቀው ወፍራም ድምፅ ተሰበሰበና ጀርባዬ ውስጥ ገባ፤ የታጠፈው ቶሎሳ ሳይቀር ሳቁ አመለጠው። ወለንጪቲ ከሁሉም ቀድመን ደረስን፣ እንዲያውም ከሚጠብቁን ሰዎች ቀድመን። ድንኳኑ በር ላይ የሚቀበለን አልነበረም። ሰናይት ብቻዋን ገብታ የቶሎሳን እናት አዴ ጫልቱን ጓዳ ደጃፍ ላይ አገኘቻቸው። ጸጉራቸው ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ፣ ጭልፋ በእጃቸው ይዘዋል። ሁለቱም ተያዩ። ከዚያ አዴ ጫልቱ በሳቅ ፈነዱ፤ እህቴም ኩሏ እስከ አገጯ በወረደ ፊቷ አቀፈቻቸው። ቆይቶ የደረሰው ቪዲዮ ቀራጭ ሙሽራዋ ወጥታ እንደገና ትግባ ሲል አዴ ጫልቱ፣ «ልጄ አንዴ ገብታለች» ብለው መለሱት። በእኛ ቤት ባለው ካሴት ውስጥ ሙሽራዋ ስትገባ የሚያሳይ ቦታ የለም። ምራትና አማት ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምረው አንድም ቀን አልተጣሉም።

የመልሱ ቀን ጋሽ እንድሪስ ለአባቴ መኪናዋን ገዢ እንደሚፈልጉላት ነገሩት። ቃል ቃል ነው፤ ሙሽራ ይዛ መንገድ ላይ ቆማለች። ሰናይት ሰምታ ከሰው መሐል ተነሳች። ከሁሉ ቀድሜ ደርሻለሁ፣ አማቴን ሌላ ሰው ሳያየን ተዋውቄያለሁ፣ ታዲያ ማን ተዋረደ ብላ ጠየቀቻቸው። ያ ድምፅ የሌለው ሳቃቸው መጣ። እናቴ ደግሞ የአበባውን ነገር የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ምነው ቢነግሩኝ እያለች ሳቀችም አለቀሰችም። ቀይዋ ሳትሸጥ ቀረች፣ በወሩ ደግሞ ፍሪሲዮኗ ሄደ።

ጋሽ እንድሪስ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ዕድሜ ጠግበው፣ ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት። ቀይዋ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ አለች፤ ልጃቸው በስልኩ ከዓለም ዙሪያ ፖምፓ እያፈላለገላት ነው፤ አንዱን አስመጥቶ አልገጠመም። ዘንድሮ የሰናይት ትልቋ ልጅ የተዳረችው ከእናቴ ቤት ነበር። የተከራየነው መኪና ነጭ፣ አዲስ፣ መፍላት ምን እንደሆነ የማያውቅ ነው። የምታስጌጠው ልጅ ሰፈራችን ውስጥ አበባ የምትሸጥ ወጣት ናት። ጣሪያውን፣ በሮቹን፣ ኋላውን በአበባ ሞላችውና ፊቱን ባዶ ተወችው። የሙሽራው ጓደኛ ይህማ ይጎድለዋል ብሎ ሲጠይቃት፣ «በዚህ ሰፈር ፊት ላይ አይታሰርም» አለችው። ለምን ቢላት ምክንያቱን አታውቀውም፤ ሥራ ስትጀምርም እንደዚያ ነበር።

እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። አሁን ጆሮዋም ዓይኗም ደክሟል። ልጅቷን በእጇ ጠራቻትና ስትጠጋላት ጉንጯን ዳበሰቻት።

«ደግ አደረግሽ ልጄ» አለቻት። «ትተንፍስበት።»