አንድ ስንዝር ቀይ ሽቦ

በሳሙና ፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የጥበቃው መዝገብ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ሐኪሙ» ይለዋል። ማሽን ሲያቃስት ጆሮውን ብረቱ ላይ ጣል አድርጎ «ይቺ እኮ ጉልበቷን ነው ያመማት» ይላል፤ ከፍተው ሲያዩ እውነትም የታችኛው ቡሎን ላልቶ ይገኛል። በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ሃያ ስድስት ዓመት የኖረው እንዲህ ተከብሮ ነው። ክብር ደግሞ ክፉ ልብስ ነው፤ ከለመዱት በኋላ ላውልቀው ቢሉ ይበርዳል።

ታላቅ እህቱ እቴቴ እዚያው፣ በየሳሙናው ላይ የፋብሪካውን አበባ በሚያትመው ማተሚያ ላይ ትሠራለች። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። የሰው ልብስ እያጠበች ያሳደገችውም ያስተማረችውም እሷ ናት። ሥራ ሲይዝ በተራው ከልብስ አጠባ አውጥቶ ፋብሪካ አስገባት። የመጀመሪያው ቀን ማተሚያው ፊት አቁሞ፣ «አየሽ፣ ይሄ ክዳን ሲከፈት መብራቱ ይቋረጣል። ከፍተሽ እጅሽን ብታስገቢ ምንም አይነካሽም» አላት። እሷም አመነች። ወንድሟ ይቋረጣል ካለ ይቋረጣል።

ያን ቀን የተናገረው እውነት ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ግን የክዳኑን ስዊች እንፋሎትና የሳሙና ብናኝ እየበላው አስቸገረ። ክዳኑ ተዘግቶም «ተከፍቷል» እያለ ማሽኑን ያቆመዋል። ትእዛዝ ተከምሯል፣ መለዋወጫ የለም፣ ሥራ አስኪያጁ በየአሥር ደቂቃው ብቅ እያለ «ሐኪም፣ ምን ተገኘ?» ይላል። ሐኪሙ አንድ ስንዝር ቀይ ሽቦ ቆርጦ፣ ሽቦዎቹ በሚገናኙበት ፓኔል ውስጥ ከስዊቹ አንዱ መስመር ወደ ሌላው አሻገረ። ከዚያ ወዲያ ክዳኑ ተከፈተም አልተከፈተም ማሽኑ ተዘግቷል ብሎ ያምናል። «መለዋወጫው እስኪመጣ ነው» ብሎ ነበር ለራሱ። መለዋወጫው በሦስተኛው ወር መጣ፤ ከነላስቲኩ የወርክሾፑ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ቀረ። ዛሬ ነገ ሲል ነው የቀረው። ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው እኮ ለእንዲህ ዓይነቱ ነበር።

እስካሁን ክፉ ያልደረሰው በሽቦው ደግነት አይደለም፤ በሠራተኞቹ ልማድ ነው። ማተሚያውን የሚያስነሳው ሰው አዝራሩን ከመጫኑ በፊት «እጅ!» ብሎ ይጮኻል። «ወጣ!» ሳይባል አይጫንም። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ የተጻፉትን ከሚጥሱ ሰዎች መሃል እሱን የጣሰ አልተገኘም።

ዘንድሮ አዲስ መቆጣጠሪያ መጣ። ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሞጁል ነው። በአሮጌው ፓኔል ውስጥ፣ ከነዚያ ቀጭ ቀጭ እያሉ መስመር ከሚያገናኙና ከሚያቋርጡ ሪሌዮች አጠገብ ገብቶ አሮጌውን ማሽን ይዘዝ ተባለ። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች «አሮጊቷ ልጅ እግር ባል አገባች» ብለው ሳቁ። ሊገጥም የመጣው ድርጅት የላካት ኢንጂነር በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። ሐኪሙ በእጁ የሣለውን የፓኔሉን የመስመር ሥዕል ዘርግታ ብዙ አየችው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥዕል አይቼ አላውቅም» አለችው። «ሁሉም እንደ ሥዕሉ ነው አይደል? በኋላ የጨመሩት የለም?»

ሥራ አስኪያጁ አጠገቧ ቆሞ ልጁን እንደሚድር ሰው ይፍለቀለቃል። እውነቱ የሐኪሙ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«እንደ ሥዕሉ ነው» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በማግሥቱ ጠዋት ከማሽኑ ወደ መቆጣጠሪያው የሚገቡትን መስመሮች አንድ በአንድ ሲፈትሹ፣ ክዳኑ ጋ ሲደርሱ «እሱን እኔ አይቼዋለሁ» ብሎ ዝርዝሩ ላይ በገዛ እጁ ምልክት አደረገበት። በልቡ ግን ወስኗል። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ሽቦውን አውጥቶ አዲሱን ስዊች ይገጥማል፤ ማንም ሳያውቅ ውሸቱ እውነት ይሆናል።

አዲሱን መቆጣጠሪያ ሊያዩ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚጠበቁት እንግዶች ግን ከምሳ በፊት ደረሱ። ሥራ አስኪያጁ «ጀምሩ!» አለ፤ ተጀመረ።

አዲሱ መቆጣጠሪያ ሰው አይጠብቅም። ሳሙና ሲሰነቀር በዓይኑ አይቶ ማተሚያውን ያቆማል። የተሰነቀረው ሲነሣለት፣ ክዳኑ መዘጋቱን አይቶ ራሱ ያስነሳዋል። «እጅ» አይል፣ «ወጣ» አይሰማ። አሥር ደቂቃ እንደተሠራ አንድ ሳሙና ተሰነቀረና ማሽኑ ቆመ። እቴቴ እንደ ልማዷ ክዳኑን ከፈተች፣ እጇን አስገባች፣ ሳሙናውን ያዘች። ሐኪሙ ከእንግዶቹ ኋላ ሆኖ አያት።

«እጅ!» ብሎ ጮኸ። ያን ያህል ጮኾ አያውቅም።

እቴቴ እጇን መንጭቃ «ወጣ!» አለች፤ የዘመናት ልማድ ነው። ማተሚያው ወረደ። ከእጇ ሾልኮ የቀረው የላስቲክ ጓንት ላይ፣ ልክ የመሃል ጣቱ ላይ፣ የፋብሪካው አበባ ታተመበት።

ሰው ሁሉ ሐኪሙን ከበበው። «ወይ ዓይን! ወይ ንቃት!» ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን አቅፎ «ይህን ሰው የሚተካ ኮምፒዩተር ገና አልተሠራም» አለ። ከዚያ ወደ ኢንጂነሯ ዞሮ «የእርስዎ ፕሮግራም የሰው እጅ ሊበላ ነበር!» ብሎ በእንግዳ ፊት አዋረዳት። አልተከራከረችም። ፊቷ ዐመድ መስሎ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችና፣ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የሌለ ስሕተት በየመስመሩ ትፈልግ ጀመር።

እቴቴ መጥታ ግንባሩን ሳመችው። «ወንድምዓለም፣ ይቺን እጅ አንተ ነህ የሰጠኸኝ» አለችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዓይኗን ማየት አቅቶት ጫማዋን አየ።

ወርክሾፑ ገብቶ መሳቢያውን ከፈተ። እዚያ ቁጭ ብሎ ያሰበው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደግ ነገር አልነበረም። ሽቦውን አሁን ባወጣው ማን ያውቃል? ጥፋቱ የኢንጂነሯ ሆኖ ይቀራል፤ ገና ወጣት ናት፣ የተማረች ናት፣ ሌላ ሥራ አታጣም። ከዋሸው ውሸት ይልቅ በኋላ ሲያሳፍረው የኖረው ይህን ማሰቡ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት ቆይቶ ስዊቹን ይዞ ወጣ።

ኢንጂነሯ አሁንም ታነባለች። እቴቴ ውኃ አምጥታላት አጠገቧ ቆማለች።

«ልጄ፣ አትድከሚ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አላት። ፓኔሉን ከፍቶ ቀዩን ሽቦ በጣቱ አሳያት።

ኢንጂነሯ ሽቦውን አየች፣ እሱን አየች። «ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዘጠኝ።»

«አይቼዋለሁ ያሉኝስ?»

«ዋሸሁሽ።»

አልሰደበችውም። ቀይ እስክሪብቶ አውጥታ እዚያ ንጹሕ ሥዕሉ ላይ ሽቦውን ሣለችው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ከእቴቴ የመጣው ግን ባሰ። ስለ ኤሌክትሪክ የምታውቀው እሱ የነገራትን ያህል ነው፤ ያም በቃት።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ክዳኑን ስከፍት መብራቱ አይቋረጥም ነበር?»

አንገቱን ደፍቶ «አዎ» አለ።

እጇን አገላብጣ አየችው፤ መዳፉንም ጀርባውንም። «ፋብሪካው ይቅር። ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ሊላት የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዓይንሽ እንዳላንስ ፈርቼ ነው። እሱም አልወጣ አለው።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት። ሥራ አስኪያጁም ኢንጂነሯን ይቅርታ ጠየቀ፤ ሲያዋርዳት ግን የጮኸውን ያህል አልጮኸም። ሐኪሙ አዲሱን ስዊች ገጠመ። ሁለቱ ሆነው ሃያ ጊዜ ክዳኑን ከፈቱት፤ ሃያ ጊዜም ማሽኑ አልነሳም አለ። አሁን ሁሉም ነገር እንደ ሥዕሉ ነው።

እቴቴ ግን ከመጋዘን አንድ ጓጉንቸር ለምና ወሰደች። ሳሙና በተሰነቀረ ቁጥር ግድግዳው ላይ ያለውን ዋና ማጥፊያ ታወርድና በጓጉንቸሩ ትቆልፈዋለች። ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከዚያ ነው ክዳኑን የምትከፍተው። አንድ ቀን ሐኪሙ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ቀረብ አለና፣

«እቴቴ፣ አሁን እኮ ክዳኑ ሲከፈት ይቋረጣል» አላት።

እንደ ድሮው ፈገግ አለችለት። ፊቷ ላይ ቂም የሚባል አልነበረም።

«አውቃለሁ ወንድምዓለም» አለችው። «ነግረኸኛል።»

ቁልፉን አንገትጌዋ ውስጥ ከተተችና እጇን አስገባች።